የቃጫ ማኅበሩ አስተርጓሚ

ጵርስቅላን ለሊቀመንበርነት ያጫት ሌላ ምንም ሳይሆን አማርኛዋ ነበር። ከሆሳዕና ወደ ሆመቾ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው መንደሯ አማርኛ የሚሰሙ ሴቶች ጥቂት አልነበሩም፤ ገበያ የለመደች ሁሉ ጨውና ላምባ የሚገዛላትን ያህል ታውቃለች። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ስብሰባ ላይ የተናገረውን አንድም ሳያስቀር ወደ ሀዲይኛ የሚመልስ ሰው ሲፈለግ ግን የሚጠራው እሷ ነበረች። አባቷ በዚያ አካባቢ ወንጌል ከተቀበሉት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ነበሩ። ስሟንም ከመጽሐፍ ቅዱስ አወጡላት፣ ሴት ልጅ ትምህርት ምን ያደርግላታል ሳይሉም የቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት ቤት አስገቧት። አራተኛ ክፍል ስትደርስ ዋለ የሚባል ረጋ ያለ፣ መዝሙር የሚወድ ገበሬ አገባት። አንድ ልጅ ወለዱ። ልጁ ተረፈ አድጎ መምህር ሆነና ሙዱላ ተመደበ። መንደሩ ታዲያ በስሟ አይጠራትም፣ የተረፈ እናት ነው የሚላት።

ቤቷ እንደ ጎረቤቶቿ ቤት ሁሉ በእንሰት የተከበበ ስለነበር በመንገድ የሚያልፍ ሰው የጣሪያውን ጫፍ እንጂ በሩን አያይም። እንሰት በአንድ ክረምት ተዘርቶ በጥቅምት የሚበላ ነገር አይደለም። ችግኙ ይተከላል፣ ይነቀላል፣ ሰፋ ወዳለ ቦታ ይዛወራል፣ የከብት ፍግ እየጠገበ ስድስት ሰባት ዓመት ይቆያል። የአንድ ቤት ሰው ክፉ ቀን ቢመጣ የት እንደሚደርስ ለማወቅ የሚታየው ጓሮው ነው። የደረሰው ሲቆረጥ ሴቶቹ ተጠራርተው ግንዱን በሳንቃ ላይ ያስደግፉና በቀርከሃ መፋቂያ ይፍቁታል። ተፍቆ የሚወርደው ጉድጓድ ገብቶ ቆጮ ይሆናል። በእጅ የሚቀረው ክር ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይደርቅና ቃጫ ይባላል። ለቃጫ ብላ እንሰት የምትቆርጥ ሴት አልነበረችም። ቤተሰቧን የምታበላውን ከጉድጓድ ካስገባች በኋላ ክሩን ጠቅልላ ሆሳዕና ትወስድና አህመድ ለሚባለው ባለሱቅ ትሰጠዋለች። አህመድ ወላጆቹ ከጉራጌ አገር መጥተው እዚያው የከበሩ፣ እሱም ሀዲይኛን እንደ አፍ መፍቻው የሚናገር ሰው ነው። ቃጫውን ተቀብሎ ለገመድ ሠሪዎች ያደርሳል፣ ለሴቶቹም ጨው ወይም ሳሙና ይሰጣል። ነገሩ ይህን ያህል ነበር።

በ1974 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የመንደሩ ሴቶች በሙሉ ለስብሰባ ተጠሩ። የተሰበሰቡት ቀድሞ ቤተ ክርስቲያናቸው በነበረው ቤት ውስጥ ነው። ቤቱ ከታሸገ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ያኔ ዋለ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ስለነበር ታስሮ ተፈትቷል፤ ከተፈታም ወዲህ በየሳምንቱ ገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት እየቀረበ መኖሩን ያሳያል። አግዳሚ ወንበሮቹ እንደነበሩ ናቸው፤ መስቀሉ ከነበረበት ግድግዳ ላይ መፈክር ተለጥፏል። ጵርስቅላ የተዳረችው እዚያ ቤት ውስጥ ነበር። አሁን ከፊት ቆማ የምታስተረጉመው ደግሞ ኤሊያስ ለሚባል፣ ከአዲስ አበባ በላንድሮቨር ለመጣ ወጣት ነው።

ኤሊያስ የአንድ የጆንያ ፋብሪካ የማኅበራት ጉዳይ ኃላፊ ነበር። ቀጭን፣ ትሑት፣ ሲናገር የሰሚውን ዓይን የሚፈልግ ሰው ነው። ፋብሪካው የሕዝብ ንብረት ነው አለ። ከሕዝብ ጥሬ ዕቃ እየወሰደ ለሕዝብ ምንም የማይመልስ ፋብሪካ ከድሮዎቹ ባለቤቶች በምን ይለያል ብሎ ጠየቀ። ሴቶቹ በማኅበር ቢደራጁ ፋብሪካው ቃጫውን ሁሉ ከእጃቸው ይረከባል፣ ነጋዴ በመካከል አይገባም። እጃቸው ከመፋቅ የሚያርፍበት ሞተር ይሰጣቸዋል። ሥራው ሲጸና ደግሞ ወፍጮ ይተክልላቸዋል። ወፍጮ የሚለው ቃል እስኪተረጎምላቸው አልጠበቁም፤ በአግዳሚዎቹ ላይ ሹክሹክታ ተነሣ። ያኔ እህል ለማስፈጨት ሆሳዕና ድረስ ተሸክመው ይሄዱ ነበር።

ከኋላ ወንበር አስካለች የሚባሉ አሮጊት ተነሡ። በመንደሩ ውስጥ የእንሰት ነገር ሲነሣ ቃላቸው የሚሰማ ሴት ናቸው። እንሰቱን መቼ እንደምንቆርጥ የሚወስነው ማነው ብለው ጠየቁ። ጵርስቅላ ጥያቄውን ወደ አማርኛ መለሰችው።

ኤሊያስ ፈገግ አለ። «እናንተ ናችኋ፤ ሌላ ማን ይወስናል? እኛ የምንፈልገው በልታችሁ የሚተርፋችሁን ነው» አለ።

ይህን ስትተረጉም የጵርስቅላ ድምፅ ከፍ ብሎ ነበር። ደስ ብሏት ነበር።

ሊቀመንበር አደረጓት። በማግስቱ ከቤት ቤት እየዞረች ሴቶቹን አነጋገረች። መጨረሻ የሄደችው አጥር ወደምትጋራት ጓደኛዋ ወደ ሣራ ነው። ሣራ ባሏ የሞተባት፣ አራት ልጆች የምታሳድግ፣ ጓሮዋ ከሁሉም ጓሮ የሚያምር ሴት ነበረች። በሕይወት ሳለ ባሏ የተከላቸው እንሰቶች ግንዳቸው የሁለት ሰው እቅፍ ይሞላ ነበር። ማኅበር የሚባል ነገር አልወደደችም። አህመድ ምን አደረገን ስትል ጠየቀች። ጵርስቅላ ስለ ወፍጮው ነገረቻት፣ የልጆቿ ጀርባ ከሸክም እንደሚያርፍ ነገረቻት። ሣራ ብዙ አሰበችና «እኔ ሰውየውን አላውቀውም። አንቺ ካልሽ ግን እሺ» አለቻት።

የመጀመሪያው ዓመት እንደተባለው ሆነ። ሴቶቹ እንደ ወትሮው የደረሰውን ቆርጠው፣ ፍቀው፣ ቆጮውን ቀብረው፣ ቃጫውን ወደ ማኅበሩ አመጡ። መጋዘን የሆነው ያው የታሸገው ቤት ነው። የፋብሪካው መኪና እየመጣ ይጭናል፤ ሲመጣም ባዶውን አይመጣም፣ አቡጀዲና ሳሙና ያራግፋል። ኤሊያስ በመጣ ቁጥር የልጆቹን ጤና ይጠይቃል። አንድ ጊዜ የሣራ ትንሿ ልጅ ዓይኗ ቆስሎ አይቶ በመኪናው ሆሳዕና ሐኪም ቤት አድርሷታል። የወፍጮ ቤቱም መሠረት ተቆፈረ። ጵርስቅላ በዚያ ዓመት መንገድ ላይ ስታልፍ ሴቶች ከሥራቸው ቀና እያሉ ይመርቋት ነበር፤ እሷም ምርቃቱ ይገባኛል ብላ ታምን ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ሞተሩ መጣ። አንድ ትልቅ ከበሮ አለው፣ ዙሪያውን የብረት ጥርስ ተተክሎበታል። የእንሰቱ ግንድ ሲሰጠው እያገሳ ይፍቀውና ነጭ፣ ረዥም፣ የሚያብረቀርቅ ቃጫ ያወጣል። ሴቶቹ ያን ሲያዩ እጃቸውን በአፋቸው ጫኑ። የሚበላው ግን ከከበሮው ሥር ወደ መሬት ይረጫል። ከጭቃውና ከሚንጠባጠበው ናፍጣ ጋር ተለወሰ። አስካለች ጎንበስ ብለው አንድ እፍኝ አነሡ፣ አሸተቱት፣ መልሰው ጣሉት። እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ሴቶቹ ወደ እጅ መፋቂያቸው ሊመለሱ ፈለጉ። ጵርስቅላም ይህንኑ ለኤሊያስ ነገረችው። አፈረ። የፋብሪካው መፍተያዎች የሞተሩን ቃጫ ከለመዱ በኋላ በእጅ የተፋቀውን እየበጠሱ አስቸገሩ፣ ከእንግዲህ የሚረከቡት የሞተሩን ብቻ ነው አላት። ከከበሮው ሥር የሚገባ፣ የሚረጨውን የሚይዝ ትልቅ የቆርቆሮ ገንዳ ግን አሠርቶ እንደሚልክ ቃል ገባ። ያን ሲል ከልቡ ነበር። ገንዳው አልመጣም። ሴቶቹም አንዱን እንሰት ለቤታቸው በእጅ ይፍቁ ጀመር፣ ሌላውን ለሞተሩ ይሰጣሉ። በዚህ ዓይነት ለአንድ ቤት የሚበቃው ጓሮ ሁለት አፍ ማብላት ያዘ።

በ1976 ዓ.ም. ነገሩ ከእጃቸው ፈጽሞ ወጣ። በሚቀጥለው መስከረም አብዮቱ አሥር ዓመት ይሞላዋል። መሥሪያ ቤት ሁሉ ለበዓሉ የሚያሳየው ውጤት ይፈልጋል። የአውራጃው የኅብረት ሥራ ኃላፊ ቸኮል መንደሩ ድረስ መጥቶ፣ ፋብሪካው ለበዓሉ ብዙ ጆንያ ለማምረት ቃል ስለገባ ከየቤቱ የሚመጣው ቃጫ ተወስኗል አለ። ኮታ ነው አለ። ጵርስቅላ ኮታ የሚለውን በሀዲይኛ ምን እንደምትለው ጠፋትና ኮታ ብላ እንዳለ አለፈችው። ሴቶቹ ምን ማለት ነው አሏት። «ስጡ የተባላችሁትን ነው፤ ብትበሉም ባትበሉም» ብላ ተረጎመችላቸው።

የደረሱት እንሰቶች በየካቲት አለቁ። ከዚያ በኋላ የአራት ዓመቶቹ መቆረጥ ጀመሩ፣ ቀጥሎም የሦስት። ያልደረሰ እንሰት ቃጫው አጭር፣ ለጉድጓድ የሚሆነው ውኃ ነው። ጵርስቅላ ሆሳዕና ወጥታ ቸኮልን ቢሮው አገኘችው። ቁጭ በይ አላላትም። ቆማ፣ የደረሰ እንሰት እንደሌለ፣ ችግኝ መቁረጥ መጪውን ዓመት መቁረጥ እንደሆነ፣ ቢያንስ ክረምቱ እስኪያልፍ ሞተሩ ቢቆም ብላ ለመነችው።

ቸኮል እስክትጨርስ ሰማት። ከዚያ «ባልሽ እንዴት ነው?» አላት።

«ደኅና ነው።»

«ሳምንት ሳምንት ይመጣል? አላስቀረም?»

«አላስቀረም።»

«ጥሩ ነው። ሴቶቹ የሚሰሙት አንቺን ነው፤ በደንብ አስረጂያቸው።»

ይህን ሲል አልተቆጣም፣ ድምፁንም ከፍ አላደረገም። ጵርስቅላ ከቢሮው ወጥታ በቀጥታ አህመድ ሱቅ ሄደች። አህመድን መደርደሪያው ባዶ ሆኖ፣ በሩ ላይ ብቻውን ተቀምጦ አገኘችው። ትንሽ ቃጫ በስውር ተቀብሎ ሴቶቹን በበቆሎ ሊረዳቸው ይችል እንደሆነ ጠየቀችው። ግራ ቀኝ አየና በሀዲይኛ «ልጆች አሉኝ፣ የተረፈ እናት» አላት። ስትሄድ አንድ ጭብጥ ጨው በወረቀት ጠቅልሎ ሰጣት። እሷም አልተቀየመችውም። በእሱ ቦታ ብትሆን እሷም ይህንኑ ትል ነበር።

መንደሯ ተመልሳ አስረዳች። ሊቀመንበርነቱን ልተወው ብላ ለዋለ ስታማክረው ዋለ አልከለከላትም፤ «እኔን አታስቢ፣ እስር ቤቱን አውቀዋለሁ» አላት። ግን እሱ ዳግመኛ ቢታሰር በሕይወት እንደማይወጣ ሁለቱም ያውቁት ነበር፤ ያኔ በወጣ ጊዜ የጀመረው ሳል አለቀቀውም። እሷ ሊቀመንበርነቱን ብትተው ሞተሩ ይቆማል? ሌላ ሰው አምጥተው ይተካሉ፣ ያም ሰው መንደሩን የማያውቅ ይሆናል። እንዲህ እያለች ራሷን አጽናናች፤ ግን አልተጽናናችም።

በልግ ሳይዘንብ አለፈ። ስኳር ድንቹ ከመሬት አልወጣም። በቆሎው በቀለና በቁሙ ደረቀ። ዝናብ የቀረበት ዓመት ከዚያ በፊትም መጥቶ ያውቃል፤ እንደዚያ ባለ ዓመት ሰው ወደ ጓሮው ይዞራል፣ እንሰቱ ሳይደርስም ቢሆን ሥሩን ቆፍሮ ቀቅሎ ይበላል፣ አንዱን ዓመት ካንዱ ያገናኛል። በዚህ ዓመት ግን ወደ ጓሮ የዞረ ሰው ያገኘው ባዶ መሬት ነው። አንድ ቀን ጵርስቅላ በሯ ላይ ቆማ ቀና ስትል የሣራን በር አየችው። ከሣራ ወዲያ ያለውን ቤት በርም አየች፣ ከዚያም ወዲያ ያለውን። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ በዚያ ቤት ስትኖር ከበሯ ላይ ሆና የሌላ ሰው በር አይታ አታውቅም ነበር። ሰው ሁሉ ልብሱን እንዳወለቀ ሆኖ ታያት። ወደ ውስጥ ገባችና በሯን ዘጋች።

ለበዓሉ ወፍጮው ደረሰ።

መስከረም ላይ ነው የተመረቀው። የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው፣ በኖራ የተለቀለቀ ቆንጆ ቤት ነበር። በሩ ላይ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ጥብጣብ ተወጠረ። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ከአዲስ አበባ መጣ፣ ቸኮልም ሙሉ ካኪውን ለብሶ ቆመ፣ ፎቶ አንሺም ነበር። ኤሊያስ ከኋላ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ተከናንበው በሰልፍ ቆሙ። የብዙዎቹ እግር አብጦ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ንግግር አደረገ። ፋብሪካው ትርፍ ብቻ የሚያይ እንዳልሆነ፣ ጥሬ ዕቃ ለሚያመጣለት ሕዝብ ኃላፊነት እንዳለበት፣ ከሴቶች ማኅበር ጋር የጀመረው ትብብር ለሌሎችም አውራጃዎች አርአያ እንደሚሆን ተናገረ። በመጨረሻ «ፋብሪካችን የገባውን ቃል ፈጽሟል» አለ።

ጵርስቅላ ሁሉንም ተረጎመች። የመጨረሻው ላይ ስትደርስ ቆመች። ውሸት ቢሆን ይቀላት ነበር። ውሸት አልነበረም። ወፍጮው ከፊቷ ቆሟል። ቸኮል ጎሮሮውን ጠረገ። እሷም የተባለውን አለች፤ ሴቶቹ እንዲያጨበጭቡ ምልክት ተሰጣቸውና አጨበጨቡ። ሞተሩ ሲነሣ የሚፈጨው ከመንደሩ ስላልተገኘ ከሆሳዕና ተጭኖ የመጣ በቆሎ ተፈጨ። ዱቄቱ ሲወርድ ፎቶ ተነሣ። ዱቄቱ ተመልሶ በመጣበት መኪና ተጫነ። ሴቶቹ ወፍጮው እስኪቆምና ሰዉ እስኪበተን ድረስ የዱቄቱ ሽታ ባለበት ቆመው ቆዩ።

እንግዶቹ ምሳ ሲሄዱ ኤሊያስ ቀረ። ጵርስቅላን ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ አገኛት። ዙሪያውን ሲያይ ቆየና «እነዚህ ቤቶች ድሮም ነበሩ እንዴ? አይቻቸው አላውቅም» አላት።

«ነበሩ። እንሰቱ ሸፍኗቸው ነው።»

እሷም ያን ጊዜ የምትጠይቀው ሌላ ሰው እንደማይመጣ ስላወቀች ጠየቀችው። «ኮታውን ማነው የሚያነሣልን? እኔ ከእርስዎ በቀር የማውቀው ሰው የለኝም።»

«ወይዘሮ ጵርስቅላ፣ እኔ ይህን ነገር አላዘዝኩትም» አለ። «ፋብሪካው ይህን ያህል ቃጫ ያስፈልገኛል አለ፣ አውራጃው ለየቤቱ ከፈለው። ፋብሪካውንም ይህን ያህል ጆንያ አምርት ያለው ሌላ ነው። ባለፈው ሰኔ ስብሰባ ላይ ተናገርኩ። በዓሉ ይለፍ አሉኝ።»

«እንግዲያው ማን ጋ ልሂድ?»

«የሚኬድበት ባውቅ እኔው እሄድ ነበር።»

ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እሷ ግን የሱን እንባ የምታኖርበት ቦታ አልነበራትም። ከመኪናው ውስጥ ለመንገድ የያዘውን ዳቦ አውጥቶ ሰጣት። እዚያው ለቆሙት ልጆች ቆራረሰችው፣ ላንዱ ደረሰ ላንዱ ሳይደርስ አለቀ። ኤሊያስን ከዚያ በኋላ አላየችውም። ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሯል ሲባል ሰማች፤ አጥፍቶ ነው ወይስ አድጎ የሚያውቅ አልነበረም።

ጥቅምትና ኅዳር ክፉ ወራት ነበሩ። አስካለች ሞቱ። አልታመሙም፤ አንድ ጠዋት አልተነሡም፣ በቃ። የእሳቸው ለቅሶ እንደ ወጉ ሊለቀስ አልቻለም፤ ለቀስተኛ የሚያስተናግድ ቤት ጠፋ። ጵርስቅላና ዋለ ግን ከሙዱላ ተረፈ ከደመወዙ በቆሎ እየገዛ ስለሚልክላቸው በልተው ያድሩ ነበር። ይህ ለእሷ ሌላ ቅጣት ሆነባት። በቆሎዋን ስትቀቅል ጭሱ ለጎረቤት እንዳይታይ አጥብቃ የምትዘጋው ነገር አልነበራትም፤ ሁሉ ለሁሉ ይታያል። ለሣራ ልጆች ታካፍላለች። ለሌሎቹ ለመስጠት ስታስብ እጇ ያጥርባታል፤ ማንን ሰጥቶ ማንን መተው እንደሚቻል አታውቅም።

በታኅሣሥ የእርዳታ ስንዴ መጣ። የመጣበት ጆንያ ቃጫ አልነበረም፣ ከላስቲክ ክር የተሠራ የውጭ አገር ጆንያ ነው። ወፍጮው ያን ስንዴ ለጥቂት ሳምንት ፈጨ፤ ለዚያ ጊዜም ቢሆን ብዙ ሰው አዳነ፣ ጵርስቅላም ይህን አትክድም። ከዚያ ናፍጣ አለቀና ቆመ። የፋብሪካውም መኪና መምጣቱን ተወ። ፋብሪካው የላስቲክ ክር ማሽን አስገብቷል፣ ቃጫ ከእንግዲህ አይፈልግም አሉ። ኮታውን ያነሣ ሰው የለም፤ ጠያቂው ሲቀር ጊዜ ቀረ። የመጨረሻው ቃጫ ከነጭነቱ በታሸገው ቤት ውስጥ፣ በአግዳሚዎቹ ላይ እንደተከመረ ቀረ።

በዚያው ሰሞን ቸኮል እንደገና ስብሰባ ጠራ። ይህኛው ስለ ሰፈራ ነው። መሬቱ ጥቁር፣ ዝናቡ የማያቋርጥ፣ ወንዙ የማይደርቅ አገር አለ። ለሚሄድ ቤትና በሬ ይሰጣል አለ። ጵርስቅላ ከፊት ቆማ አስተረጎመች። ሣራ ከሁለተኛው ረድፍ ተነሥታ ቸኮልን ሳይሆን እሷን እያየች በሀዲይኛ ጠየቀች።

«ይሄኛውንስ ታምኚዋለሽ?»

«አላውቅም» አለች ጵርስቅላ።

ቸኮል ምን አለች ብሎ ጠየቀ። ጵርስቅላም ዝናቡ እውነት ነው ወይ ብላለች ብላ መለሰች። ለመጀመሪያ ጊዜ ያልተባለ ነገር ተረጎመች። ቸኮል ዝናቡ እውነት መሆኑን ደግሞ ደጋግሞ አረጋገጠ።

ሣራ ተመዘገበች። መኪኖቹ በሚመጡበት ጠዋት ጵርስቅላ ቤቷ ሄደች። ሣራ ዕቃዋን በአንድ ነጠላ ቋጥራ፣ ልጆቿን ፊታቸውን አጥባ አሰልፋ ነበር።

«ቅሪ» አለቻት ጵርስቅላ። «ያለችኝን እንካፈላለን።»

ሣራ ወደ ጵርስቅላ ጓሮ ዞረች። የሚከልል ነገር ስለሌለ ሁሉም ይታያል። «ያለሽን አይቼዋለሁ» አለቻት። ቁጣ አልነበረበትም። ይልቁንም እሷው ጵርስቅላን አቅፋ ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻት፣ የሚጽናና ሰው እሷ የሆነች ይመስል። ልጆቹ መኪናው ላይ ሲወጡ ትንሿ፣ ያኔ ዓይኗ የዳነላት፣ መኪና መሳፈሯ ደስ ብሏት ትስቅ ነበር። ጵርስቅላ አቧራው እስኪጠፋ እዚያው ቆመች፤ ዋለ መጥቶ እጇን ይዞ ወሰዳት።

በሚቀጥለው ዓመት ዝናብ ዘነበ። ሰው እንደገና እንሰት ተከለ፤ ችግኝ ከአንጋጫ በኩል እየተገዛ፣ እየተለመነ መጣ። ጵርስቅላም ከራሷ ጓሮ ሌላ በሣራ ጓሮ ውስጥ ተከለች። ሳይቆይ ገበሬ ማኅበሩ ቦታውን ለሌላ ሰው ሰጠው፣ ሰውየውም ችግኙን ነቅሎ በቆሎ ዘራበት። ልታስቀረው የምትችልበት ቃል አልነበራትም፤ መሬቱ የሷ አይደለም። ማኅበሩ በስም ብዙ ዓመት ቆየ፣ እሷም በስም ሊቀመንበር ሆና ቆየች። ዋለ በ1979 ክረምት በሳሉ ሞተ። ማኅበራት ይፍረሱ በተባለ ጊዜ ሞተሩንና ወፍጮውን ሰዎች መጥተው ፈትተው ወሰዱ፤ ማን እንደወሰደው የጠየቀ የለም።

ያን ጊዜ ነው ጠና የሚባል የመንደሩ ሰው ከሰፈራው ተመልሶ የመጣው። ከሄዱት ሁሉ ተመልሶ ያየችው የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ከስቶ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ነበር። ሣራ በደረሱበት የመጀመሪያ ክረምት በወባ እንደሞተች፣ ሁለቱ ልጆችም እንደተከተሏት፣ አንዱ ወታደር ሆኖ እንደተወሰደ ነገራት። የቀረችው ትንሿ ናት። አሁን አድጋ ልጃገረድ ሆናለች። መልእክት ልካለች፤ ልመጣ እፈልጋለሁ፣ የአባቴ መሬት ይሰጠኝ እንደሆነ የተረፈ እናት ትጠይቅልኝ ብላለች።

ጵርስቅላ ተነሥታ ገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ሄደች። ሊቀመንበሩ አዲስ፣ እሷን የማያውቅ ወጣት ነው። መሬቱ ተደልድሏል፣ ከድልድሉ በኋላ የሚመጣ ተራ ይጠብቅ፣ ተራው መቼ እንደሆነም ከላይ ሲነገረን ነው አላት። ደጋግማ ለመነችው። እሱም ደጋግሞ ያንኑ አላት፤ ክፋት አልነበረበትም።

ጠና ቤተሰቡ ወዳለበት ሰፈራ ከመመለሱ በፊት መልሱን ሊወስድ መጣ። ጵርስቅላ ሊቀመንበሩ ያላትን በሀዲይኛ ነገረችው። መሬት ባይኖርም ቤቴ ትምጣ በላት አለችው፤ ከዚያ ልጅቱ ከሰፈራው የምትወጣበት የይለፍ ወረቀት በማን እጅ እንደሆነ፣ ከዚያ አገር እዚህ ድረስ አንዲት ልጃገረድ ብቻዋን በምን እንደምትመጣ ጠየቀችው። ጠና ራሱ ሌሊት ለሌሊት በጫካ ተሹለክልኮ ነው የመጣው። እነግራታለሁ አላት። ከዚያ መልእክቱን ይዞ ሄደ፤ ለልጅቱ ይድረሳት አይድረሳት እሷ አላወቀችም።